የእናቴን ቤት ሶኬቶች ልንቀይር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?

የቦሳ ኪቶዋ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ ከቦሳ ኪቶ። የእናቴን ቤት ቀለም ልናስቀባ ነው። ቀቢው ከመግባቱ በፊት ያረጁትን የግድግዳ ሶኬቶች በሙሉ አንስተን በአዲስ ለመተካት ተስማምተናል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳ መቧጨር ስለማልፈልግ አሁኑኑ ባልቀው ደስ ይለኛል።

ቤቱ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ብሎኬት ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ጭቃ ናቸው። እዚያ ሽቦው በግድግዳው ላይ ነው የሚሄደው፤ ሶኬቶቹም ትንሽ እንጨት ላይ ነው የተመቱት። ሰርቪሱ በኋላ የተሠራ ብሎኬት ስለሆነ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ነው።

ችግሩን ልንገራችሁ። የሳሎኑ ሶኬት ስፒና አይዝም። የቴሌቪዥኑ ስፒና ተሰክቶ ትንሽ ከቆየ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ወንድሜ ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ወትፎለታል። የእኔ መኝታ ቤት ያለው ደግሞ ቻርጀር ስሰካበት ይንጫጫል፤ ማታ ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን የሰርቪሱ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ፊቱ ነጭ ነበር፤ አሁን በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፤ ጠርዙም ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሊጡ ሲጋመስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ስፒናው ይፋጃል፤ በእጅ አይነካም። ሶኬቱ ደግሞ ያረጀ አይደለም። የበፊቱም እንዲሁ ሆኖ ነው በዚህ የተተካው። እናቴ እህል ውሃዋ ከዚያ ምጣድ ነውና “ዛሬ አትጋግሪ” ልላት አልችልም።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ሱቆቹን አየሁ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ማንኛውንም ስፒና የሚቀበል ነው። ሌላው ክብ ጎድጓዳ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለውና ከላይና ከታች ብረት ብቅ ያለበት ነው። ሦስተኛው ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ከጀርባቸው 10፣ 13፣ 16 አምፔር የሚል ተጽፏል። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል፤ ሻጩን ስጠይቀው ግን ሁሉም ኦሪጅናል ነው አለኝ። አክስቴ ከዱባይ ያመጣችልን ካውያና የውሃ ማፍያ ስፒናቸው ያው ሦስት እግር ወፍራሙ ስለሆነ፣ ሁሉን የሚቀበለውን ልገዛ ልቤ አዘንብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሰጦ ሰመሮ አባወራ መለሰ፦

እኔ ቤቱን ሳሠራ በሙሉ ሁሉን የሚቀበለውን ነው ያስገባሁት። አዳፕተር ፍለጋ ቀረልኝ። የቻይናውም የዱባዩም ይገባል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ምንም ችግር አላየሁበትም። ስለ ምጣዱ ግን አላውቅም፤ እኛ ቤት የሚጋገረው በእንጨት ነው።

የቆጪው ኤሌክትሪሽያን መለሰ፦

እህቴ፣ ምጣዱን ለብቻው አውጪው። ምጣዱና ሌላው ቤት ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። የጅማን ቤቶች ስገባ ስወጣ ከማየው የተቃጠለ ሶኬት አብዛኛው የምጣድ ነው። ሰው ሶኬቱን ይወቅሳል፤ ይቀይረዋል፤ ደግሞ ይቃጠላል። ያንቺም እናት ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። መብራታችን 220 ቮልት ነው። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። 3500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ምጣዱ 4000 ዋት ከሆነ ከ18 አምፔር ያልፋል። ገበያ ላይ ያለው ትልቁ የቤት ሶኬት 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣዱ ሶኬቱን ገና ከመጀመሪያው ጥግ ላይ አድርሶታል። በዚያ ላይ እናትሽ ለሽያጭ ስለሚጋግሩ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ነው የሚሠራው። 13 አምፔር የተጻፈበት ላይ ከሆነ የተሰካው ጭራሽ ከአቅሙ በላይ ነው። ነገ ምርጥ የተባለውን ገዝተሽ ብትተኪው ትንሽ ይቆይ ይሆናል እንጂ መጨረሻው አይቀየርም።

ለምጣዱ የሚያስፈልገው የራሱ መስመር ነው። ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር ተነስቶ በቀጥታ ሰርቪሱ የሚገባ፣ ሌላ ምንም ያልተነካካበት። ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ብሬከሩ 25 አምፔር፣ 6 ከሆነ 32 አምፔር ይሁን። መጨረሻው ላይ ሶኬት የለም። ፌዙንም ኒውትራሉንም (መብራት የሚያመጣውንም የሚመልሰውንም ሽቦ) አንድ ላይ የሚቆርጥ፣ 32 አምፔር የሚችል ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግና የምጣዱ ገመድ ከዚያ በማያያዣ በብሎን ጠብቆ ይታሠራል። የሚሞቀው መገናኛው ሲላላ ስለሆነ፣ መገናኛው በብሎን ከጠበቀ ሙቀቱ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሰርቪሱ ውስጥ አሁን ያለው ሽቦ 1.5 ወይም 2.5 ሊሆን ይችላል። ያንኑ ሽቦ ይዞ ብሬከሩን ብቻ ወደ 32 የሚያሳድግልሽ ሠራተኛ ቢመጣ አታሠሪው። ያን ጊዜ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። ብሬከር ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው የሚገባው፤ ቁጥሩም ከሽቦው ጋር ነው መመጣጠን ያለበት።

አሁን ወደ ሌሎቹ ሶኬቶች እንምጣ። ከወንድሜ ከሰጦ ሰመሮው ጋር በአክብሮት አልስማማም። ሁሉን የሚቀበለው ሶኬት ቀዳዳው ክቡንም፣ ጠፍጣፋውንም፣ አራት ማዕዘኑንም እንዲያስገባ ተብሎ ነው የተሰፋው። ስለዚህ ማንኛውንም አጥብቆ አይዝም። የስፒናው እግር ከመዳቡ ጋር የሚነካካው በትንሽ ቦታ ነው፤ ያቺ ቦታ ትሞቃለች፤ የሞቀ መዳብ ይላላል፤ ሲላላ የባሰ ይሞቃል። ለስልክ ቻርጀር አይታወቅም፤ የሚስበው ኢምንት ነው። ለካውያና ለውሃ ማፍያ ግን ይታወቃል።

ሌላም አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የስቶቭ ወፍራም ክብ ስፒና ኧርዙ፣ ማለትም ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደው፣ በጎንና በጎኑ ያለችው ብረት ናት። ክብ ጎድጓዳው ሶኬት ላይ ከላይና ከታች ብቅ ያሉት ሁለት ብረቶች እሷን ለመንካት ነው የተሠሩት። ያንን ስፒና ሁሉን በሚቀበለው ሶኬት ላይ ስትሰኪው እግሮቹ ይገባሉ፤ ኧርዙ ግን ምንም ነገር አይነካም። ማሽኑ ይሠራል፤ ኧርዝ ግን የለውም።

ስለዚህ ለሳሎንና ለመኝታ ቤቶች ክብ ጎድጓዳውን 16 አምፔር ግዢ። አክስትሽ ላመጣችው ዕቃ ደግሞ በሚጠቀሙበት ቦታ አንድ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለውን ጨምሪ። የሱ ጥሩነት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ስፒናው ውስጥም ፊውዝ አለ። ከፈለግሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ከአንድ ሁሉን ተቀባይ ይልቅ ሁለት ቦታቸውን የሚያውቁ ሶኬቶች ይሻላሉ።

ከፈረንጅ አራዳ መለሰች፦

እኛ ያለንበት ቤት የድሮ ነው። ሶኬቶቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያላቸው ናቸው፤ የጣሊያኑ ዓይነት። የስልክ ቻርጀር በደንብ ይገባባቸዋል። ወፍራሙ ክብ ስፒና ግን እግሩ 4.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 4 ሚሊ በሆነው ቀዳዳ አይገባም። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ቀዳዳውን በሚስማር አስፍተውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩንም መያዝ አቆመ።

ስቀይር ያስቸገረኝ የሶኬቱ ዓይነት ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሳጥን ነው። የእኛ ሳጥን ወደ ጎን የረዘመ ነው። አራት ማዕዘኑን ገዝቼ ስመጣ የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም፤ ክዳኑም ሳጥኑን አልሸፈነም። ክብ ሳጥን፣ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ረዥም ሳጥን አለ፤ እርስ በርስ አይገጣጠሙም። ሰርቪሳችሁ ውስጥ ለውስጥ ከሆነ አንዱን አስፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ። ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አስተያዪ። ለጭቃው ክፍል ግን ይሄ አያስጨንቅሽም፤ የራሱ ሳጥን ያለውን በግድግዳ ላይ የሚመታውን ነው የምትገዢው።

የመርካቶው ዕቃ ሻጭ መለሰ፦

ሻጩ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ካለሽ እመኚውም አትመኚውም፣ በእጅሽ ፈትሺ። እኔ ራሴ ሻጭ ነኝ፤ ደንበኛ ዕቃውን ሲያገላብጥ ቅር አይለኝም።

መጀመሪያ አንሺውና ክብደቱን እዪ። ሁለት በአንድ ዓይነት ክዳን የተሠሩ ሶኬቶች በግራና በቀኝ እጅሽ ያዢ። ቀላሉ ውስጡ ስስ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ አዙሪው። ከጀርባው መዳቡ ይታያል። ትንሽ ማግኔት ይዘሽ ነይ፤ የድሮ ስፒከር ውስጥ ያለችው ትበቃለች። ስፒናውን የሚነካው ክፍል ማግኔቱን ከሳበው የተቀባ ብረት ነው። ናስ ከሆነ አይስብም። ብሎኖቹና አንዳንዱ ሞላ (ስፕሪንግ) ብረት ስለሆኑ ቢስቡ አትደንግጪ፤ የምትፈትሺው ስፒናው የሚገባበትን ምላስ ነው።

ቀጥሎ ስፒና ለምኝና ሰክተሽ ንቀዪ። ጥሩው ሲገባም ሲወጣም ይከብዳል። ሰክተሽ ሶኬቱን ወደ ታች ስትገለብጪው ስፒናው በራሱ ክብደት መውደቅ የለበትም። ሽቦ ማሰሪያ ብሎኑንም አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጊው። ጥርሱ ከወዲሁ የሚንሸራተት ከሆነ ቤት ሄዶ አይጠብቅም።

ቤታችሁ ልጅ ካለ ቀዳዳው ውስጥ መዝጊያ ያለውን ምረጪ። በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሚስማር ቢከቱበት አይከፈትም፤ ሁለቱ እግር እኩል ሲገባ ብቻ ነው የሚከፈተው። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል።

የቦሳ ኪቶዋ መለሰች፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የወንድሜን ልጅ አስቤ መዝጊያ ያለውን እገዛለሁ። ማግኔቱንም ከድሮ ሬዲዮ አግኝቻለሁ።

ጋሼ የቆጪው፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። እናቴን ስለ ምጣዱ ነገርኳት። መስመሩ ለብቻው ይውጣ ሲባል ተስማማች። ግን ገመዱ ግድግዳ ላይ ይታሠር ስላት ፊቷን አጠቆረች። ፀሐይ ሲሆን ምጣዱን በረንዳ ላይ አውጥታ ነው የምትጋግረው፤ ጭሱና እንፋሎቱ ሰርቪሱ ውስጥ ይታፈንባታል። ተሰክቶ የሚነቀል ነገር የግድ ነው ትላለች።

ሁለተኛው ስለ ኧርዝ ነው። የሳሎኑ ሶኬት ቀዳዳው ሦስት ነው፤ ወንድሜ ሲከፍተው ግን የገቡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። አንድ ሰው ኒውትራሉን ከሦስተኛው ጋር አገናኙት ብሏል። ይሆናል?

የቆጪው ኤሌክትሪሽያን መለሰ፦

ሁለተኛውን አስቀድሜ ልመልስ፣ ምክንያቱም አደጋ ነው። አይሆንም። በጭራሽ። ኒውትራል ከኧርዝ ጋር ሶኬት ላይ ተገናኝቶ አንድ ቀን ኒውትራሉ ከቆጣሪ ጋ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ የፍሪጁ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። እናትሽ እርጥብ እጃቸውን ይዘው የፍሪጁን በር ሲከፍቱ አስቢው። ባዶ ከሆነ ባዶ ይቆይ፤ ኧርዝ እስኪገባ ድረስ። ከውሃ ቧንቧም ጋር አይገናኝ።

ኧርዝ ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም። መዳብ የተለበጠ ዘንግ ከቤቱ ጎን መሬት ውስጥ በጥልቀት ይመታል፤ ከሱ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ብሬከሩ ሳጥን ይገባል፤ ከዚያ ለየሶኬቱ ይከፋፈላል። የጅማ መሬት አብዛኛውን ዓመት እርጥብ ስለሆነ ለኧርዝ ይመቻል። ታህሣሥና ጥር ላይ ግን ከላይ ይደርቃል፤ ስለዚህ ዘንጉ እርጥበቱ እስከሚገኝበት ይውረድ። ከተመታ በኋላ በመሣሪያ ይለካ፤ የማይለካ ሠራተኛ አትቅጠሪ። ገንዘብ ካልጠበበ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ ሰው የሚያድን ብሬከር አስጨምሪ። ተራው ብሬከር ሽቦ ነው የሚጠብቀው። ይሄኛው ግን በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ትንሽ ሲፈስ ወዲያው ይቆርጣል። ሊጥና ውሃ ባለበት ሰርቪስ ከሁሉ አስቀድሜ የማስገባው እሱን ነው።

የምጣዱን ነገር እናትሽ ልክ ናቸው። በረንዳ ላይ መጋገር ካለባቸው ሰማያዊው የኢንዱስትሪ ስፒና አለ። ክብ፣ ወፍራም፣ ሦስት እግር፣ ክዳን ያለው። ጋራዥና እንጨት ቤት አይተሽው ይሆናል። 16 እና 32 አምፔር አለው፤ 32ቱን ግዢ። ሴቷንም ወንዱንም ከአንድ ዓይነት። አንዷን ሴት ሰርቪሱ ውስጥ፣ ሌላዋን በረንዳው ላይ ጣሪያ ሥር አስመቺ። የበረንዳዋ ክዳን ሁልጊዜ ይዘጋ፤ ሽቦው ከሥር እንጂ ከላይ አይግባባት፤ ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ነው የሚገባው። ሁለቱ ላይ እኩል ምጣድ እንዳይሰካ ግን ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ መስመሩ የአንድ ምጣድ ነው። የምጣዱ ገመድ ራሱ ቀጭን ከሆነም አብሮ ይቀየር፤ ጫፉ ጋ ሙቀት የሚችል ሽፋን ያለው ይሁን።

የሰጦ ሰመሮ አባወራ መለሰ፦

ጋሼ ስለ ኧርዙ ያሉት እውነት ነው። ዛሬ የልብስ ማጠቢያችንን ስፒና አየሁት፤ በጎኑ ያለችው ብረት እውነትም ምንም አትነካም። እርጥብ ሆኖ ሲነካ ትንሽ የሚነዝረን ለካ ለዚያ ነው። የሱንና የፍሪጁን ሶኬት እቀይራለሁ ኢንሻአላህ። የቀሩት ይቆዩ?

የቆጪው ኤሌክትሪሽያን መለሰ፦

የስልክና የቴሌቪዥኑ ይቆዩ፤ ስፒናው እስከያዘ ድረስ። የሚነዝረውን ማጠቢያ ግን ሶኬቱ እስኪቀየር ንቀለው፤ ሲነዝር ዝም አይባልም። ክቡን ሶኬት ስታስገባም ኧርዝ ሽቦው ከጀርባ መድረሱን አረጋግጥ።

የቦሳ ኪቶዋ መለሰች፦

እናቴ ሰማያዊውን ስፒና ጎረቤታችን እንጨት ቤት ሄዳ አየችው፤ ወደደችው። ክዳን ስላለው ልጁ እጁን አይከትበትም አለች።

የመጨረሻ ጥያቄ። ሠራተኛው እስኪመጣ ወንድሜ የሳሎኑንና የመኝታ ቤቴን ሶኬት ራሱ ልቀይር ይላል። ቴስተርና ካቻቪቴ አለው፤ ከዚህ በፊትም ማብሪያ ማጥፊያ ቀይሯል። ልተወው?

የቆጪው ኤሌክትሪሽያን መለሰ፦

እጁ የለመደ ከሆነ ይችላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ግን እንዳይከፍት። ጅማ ውስጥ ስንቱ ሰው በዚህ ተነዝሯል፤ መብራት ሳይነግርሽ ነው የሚመጣው። ዋናውን ብሬከር ያውርድ፤ አንድ ሰው እዚያው ይቁምለት። ቴስተሩን ብሬከሩን ከማውረዱ በፊት መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ይሞክረው፤ መብራቷ እንደምትበራ ካየና ብሬከሩን ካወረደ በኋላ በሚፈታው ላይ ሁሉንም ቀዳዳ ይንካ። የድሮ ቤት ሽቦ በቀለሙ አይታመንም፤ ቀዩ ኒውትራል፣ ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ አግኝቻለሁ።

ሲያስር ሽቦውን ከብሎኑ ርዝመት አስበልጦ አይላጥ፤ የተላጠ መዳብ ውጭ አይቅር። የጠቆረ ወይም የተሰባበረ ጫፍ ካለ ቆርጦ አዲስ ይላጥ። ጠብቆ ካሠረ በኋላ ሽቦውን በእጁ ይሳበው፤ ከወጣ እንደገና። የጭቃው ግድግዳ ላይ ደግሞ የድሮዋ እንጨት በስብሳ ከሆነ አዲስ እንጨት ይምታ፤ ሶኬት በሚነቃነቅ እንጨት ላይ አይታሠርም። ምጣዱን ግን እንዳይነካው፤ እሱን እኔ ወይም ሌላ የሚለካ ሠራተኛ ይሥራው። እስከዚያው እናትሽ ከጋገሩ ሊጡን ከፋፍለው፣ በመሃል ምጣዱን አጥፍተው ስፒናው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሽታው ከመጣ ወዲያው ያጥፉ፤ በእሳት ይጋግሩ እንጂ በዚያ ሶኬት አይቀጥሉ።